የተቀናጀ ሕክምና ለሕመምና ለጭንቀት፦ ጥናቱ የሚለውና የጎንደር ልማድ

የተቀናጀ ሕክምና ማለት የሆስፒታሉን ሕክምና ሳይተዉ በጥናት የተፈተኑ ሌሎች መንገዶችን ጨምሮ በአንድ ዕቅድ ሥር መስጠት ነው፤ ማሸት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የትንፋሽና የጥሞና ልምምድ፣ ሙዚቃ፣ አንዳንዴም ዕፅዋት። ነገሩ ያለው “በአንድ ዕቅድ ሥር” የሚለው ላይ ነው። የሐኪሙን መድኃኒት ጥሎ ወደ ሌላ መሄድ አማራጭ ሕክምና ይባላል። ሁለቱን ሐኪሙ ሳያውቅ ጎን ለጎን ማስኬድ ደግሞ ስም አልወጣለትም እንጂ ጎንደር ውስጥ የተለመደው እሱ ነው። ወገቡን የታመመ ሰው ሰኞ ወጌሻ ዘንድ ይታሻል፣ ረቡዕ ጸበል ይጠመቃል፣ ዓርብ ሆስፒታል ካርድ ያወጣል። ሦስቱ አካሚዎች ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አያውቅም።

መደባለቁ ለከተማዋ አዲስ አይደለም። በ1699 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቀዳማዊ ኢያሱ በቆዳ ሕመም ሲቸገሩ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከካይሮ ተጠርቶ ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ውስጥ፣ ፈንጣጣ የያዛቸውን እንዲያክም ተጠየቀ። ራሱ ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ በአገሬው ዋጊኖስ እንደዳነ ጽፏል። ተክሉ ዛሬ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ ይባላል፤ ስሙ የወጣው በታካሚው እንጂ መድኃኒቱን ቀድሞ ባወቀው ባላገር አይደለም።

ዘመናዊው ሕክምና በከተማዋ ሥር የሰደደው ደግሞ ከደንቢያ የወባ ወረርሽኝ በኋላ ነው። ወረርሽኙ በ1953 ሺዎችን ሲጨርስ፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ተደርጎ የተቋቋመ ነበር፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ከእሱ ነው። ባለሙያን ከባለሙያ ጋር አቀናጅቶ ማሠራት፣ እንግዲህ፣ ለዚህ ግቢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ወጌሻውና ቄሱ ግን ከቡድኑ ውጭ ቀሩ።

ሕመም በቁጥርና በቃል

የሕመም ጥናት ከመለካት ይጀምራል። ነርሷ “ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?” ትላለች፤ ዜሮ ምንም፣ አሥር ከሁሉ የከፋው። ከገጠር የመጡ አባት እንዲህ ሲጠየቁ “ኧረ ከባድ ነው ልጄ፣ ቁጥሩን አንቺ እወቂው” ቢሉ አይደንቅም። ቁጥሩ ቢያስቸግራቸውም ቃሉ ግን አያጥራቸውም፦ ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል። እነዚህ ቃላት ሊጻፉ ይገባል፤ ምርመራም ናቸውና። የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝርና የሚያደነዝዝ ሕመም ከነርቭ ጉዳት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ዳይክሎፌናክ የተባለው የተለመደ ማስታገሻ እምብዛም አያስታግሰውም። ጠዋት ጠፍሮ የሚይዝ፣ ሲንቀሳቀሱ ግን የሚላላ ቁርጥማት የመገጣጠሚያ ብግነትን ያስጠረጥራል። “አሥር” የሚለው ቁጥር ከዚህ አንዱንም አይነግርም።

የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የስሜትም ጉዳይ ነው፤ ጉዳት ሲደርስ ወይም የደረሰ ያህል ሲሰማ የሚመጣ። ለዚህ አስተሳሰብ መንገድ የጠረጉት ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ናቸው። በ1965 ባቀረቡት የበር ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሕመም መልእክት አከርካሪ ውስጥ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ሥርዓት ያልፋል፤ መዳሰስና መታሸት በሩን ያጠብቡታል፣ ፍርሃትና ጭንቀት ያሰፉታል። ጉልበታችን ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ ሳናስበው የምናሸው ለዚህ ነው። ሕመምና ጭንቀት በአንድ ርዕስ የሚጠኑትም አንዱ ሌላውን ስለሚያባብስ ነው፦ ያልተኛ ሰው ይበልጥ ያመዋል፣ ያመመው ሰው አይተኛም።

ጥናቱ እስካሁን ያገኘው

ዘርፉ በአሜሪካ መንግሥት በጀት የሚጠናው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ላይ የተቋሙ ስም ላይ “አማራጭ” የሚል ቃል ነበረበት፤ በ2014 ወጥቶ “የተጓዳኝና የተቀናጀ ጤና ብሔራዊ ማዕከል” ተባለ። የስሙ ለውጥ የአስተሳሰቡን ለውጥ ይናገራል።

በደንብ ከተጠኑት አንዱ ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የስምንት ሳምንት የጥሞና ሥልጠና ነው። ሰልጣኙ በየሳምንቱ እየተገናኘ ትንፋሹን መከታተል፣ ሰውነቱን ከእግር እስከ ራስ በሐሳብ መዳሰስና ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ ይማራል። በ2016 ውጤቱ የወጣ፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው 342 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ሥልጠናውን ከሥነ ልቦና ሕክምናና ከተለመደው ክትትል ጋር አነጻጸረ። ከ26 ሳምንት በኋላ የዕለት ሥራቸው ተጨባጭ መሻሻል ያሳየው በጥሞናው 60.5፣ በሥነ ልቦና ሕክምናው 57.7፣ በተለመደው ክትትል 44.1 በመቶ ነበሩ። ከአሥር ሰው አራቱ ምንም የተለየ ሳይደረግላቸውም መሻላቸውን ልብ ይሏል። “እኔ አድርጌው ዳንኩ” የሚለው ምስክርነት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ የማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

በአኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ በመሰካት በሚሰጠው የቻይና ሕክምና፣ የታየው ደግሞ ተመራማሪውን የሚፈትን ነው። በ2018 የ39 ጥናቶችና የ20,827 ታካሚዎች መረጃ አንድ ላይ ሲተነተን፣ መርፌው ምንም ካለማድረግ በግልጽ ተሽሏል። ከአስመሳይ መርፌ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ጠበበ። ስለዚህ ከጥቅሙ ከፊሉ የሚመጣው ከመርፌው ሳይሆን ከእጁ፣ ከጊዜውና ከተስፋው ነው ማለት ነው። በእኔ ዕይታ ለጎንደር የሚበጀው ትምህርት መርፌው ሳይሆን ይኸው ነው፤ በሽተኛውን ለአርባ ደቂቃ የሚያዳምጥ አካሚ በሁለት ደቂቃ ማዘዣ ጽፎ ከሚሸኘው የተሻለ ነገር ይዟል።

ስለ ሙዚቃ የተሰበሰበው መረጃም ያልተጠበቀ ነበር። በ2015 የታተመ የ73 ጥናቶች ግምገማ ቀዶ ሕክምና አካባቢ ሙዚቃ የሰሙ ታካሚዎች ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም እንደቀነሰ፣ ማስታገሻም ያነሰ እንደወሰዱ አሳይቷል። በገና፣ አሥር አውታሩና ከደረት የሚወጣው ዝግ ያለ ድምፁ፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው የሚያሰኝ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ በየቤቱና በየሬዲዮው ይሰማል፤ በማገገሚያ ክፍል በጆሮ ማዳመጫ ቢሞከር ወጪው ከአንድ ማስታገሻ መርፌ የሚበልጥ አይመስለኝም።

መመሪያዎቹም ወደዚሁ እየሄዱ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ለወገብ ሕመም መጀመሪያ መድኃኒት ያልሆኑትን ሞክሩ አለ፦ ለአዲስ ሕመም ሙቀትና መታሸት፣ ሥር ለሰደደው እንቅስቃሴ፣ ዮጋና ጥሞና። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን፣ ትምህርትን፣ ማሸትንና የሥነ ልቦና ድጋፍን ሲደግፍ፣ የወገብ መቀነትን፣ ወገብን በመሣሪያ መጎተትንና እንደ ሞርፊን ያሉ ኦፒዮይድ ማስታገሻዎችን በመደበኛነት እንዳይሰጡ መክሯል። በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት።

ዮጋ የሚለው ስም እዚህ አንዳንዱን ምእመን ያስደነግጠዋል። የፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ ግን ስሙን ሳያነሣ ያንኑ ቀስ ያለ መለጠጥና በጥልቅ መተንፈስ ሊያሠራ ይችላል።

ወጌሻ፣ ዋግምት፣ ዳማከሴ

ወጌሻ ሁለት ሥራ አለው፤ ያሻል፣ የተሰበረ ይጠግናል። ሁለቱ በአንድ ዓይን አይታዩም። ሲያሽ ቅቤውን በመዳፉ አሙቆ፣ ጅማቱን በአውራ ጣቱ እየተከተለ፣ የተቋጠረውን ሥፍራ ሲያገኝ “አገኘሁት” ብሎ ይጫናል። ይህ ከበር ንድፈ ሐሳብም ከመመሪያዎቹም ጋር ይስማማል። አደጋው ስብራት ላይ ነው። ቀርከሃውን በጨርቅ አጥብቆ ሲያስር እግሩ ከውስጥ ያብጣል፣ ጨርቁ ግን አይላላም፤ ደም ሥሩ ይታፈናል። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ፣ ሕመሙም ሌሊቱን እየባሰ ከሄደ፣ ማሰሪያውን ፈትቶ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው። በዚህ የተነሣ እግር መቆረጥ በኢትዮጵያ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ ለወጌሾች ስልጠና በመስጠት ጉዳቱን መቀነስ እንደሚቻልም እንዲሁ።

ዋግምት ቆዳን በምላጭ በጥቶ በቀንድ ደም የመምጠጥ ልማድ ሲሆን በሌላው ዓለም ኩባያ እየደፉ ከሚያደርጉት ጋር አንድ ነው። የምላጩ ንጽሕና ካልተጠበቀ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ምች ሲመታ የሚታሸው ዳማከሴ በአይጦች ተሞክሮ ትኩሳት እንደሚያወርድ በ2003 በታተመ ጥናት ታይቷል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ተማሪዎችም የአገር ዕፅዋትን በአይጥ ላይ በየጊዜው ይፈትሻሉ፤ አይጧ ሞቅ ያለ ሳህን ላይ ስንት ሰከንድ እንደምትቆይ፣ ያበጠ መዳፏ በስንት ሰዓት እንደሚጎድል ይቆጠራል። ከአይጥ እስከ ሰው ግን ረጅም መንገድ ነው። “የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለውም ልክ አይደለም፦ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት በመድኃኒት መልክ በብዛት ሲወሰድ ደም ከሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ጋር መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ነገሩን ቅርብ ያደርጉታል። በ2016 የታተመው የኬሞቴራፒ ሕክምና ላይ ከነበሩ 195 የካንሰር ታካሚዎች 79 በመቶው ሌላ ሕክምናም እንደሚጠቀሙ አገኘ፤ አብዛኛው ዕፅዋት ነበር። በ2017 የወጣው ደግሞ የእርግዝና ክትትል ካላቸው 364 እናቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ዕፅዋት እንደሚወስዱ፣ ከፊት የሚመጣውም ዝንጅብል እንደሆነ፣ ከተጠቃሚዎቹ ከ10 ወደ 9 የሚሆኑት ግን ሐኪማቸውን እንዳላማከሩ ያሳያል። የሚደበቀው ቁጣ ተፈርቶ ነው። ካርዱ ላይ “ከዚህ በፊት ምን ተደርጎልዎታል?” ተብሎ በለሰለሰ አንደበት ቢጠየቅ ብዙዎች ይናገራሉ፤ “ማን ንካው አለህ!” የተባለ ሰው ግን ሁለተኛ አይናገርም።

ጸበል

ጸበል በመድኃኒት ሚዛን ብቻ የሚመዘን ነገር አይደለም፤ ለምእመኑ እምነት ነው። ሐኪሙን የሚመለከተው ግን በሽተኛው መድኃኒቱን ያቋርጣል ወይስ አያቋርጥም የሚለው ነው። በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ሲናገሩ እንጦጦ ጸበል ላይ የነበሩ ብዙዎች ከመንታ መንገድ ወጡ። በተቀናጀ ሕክምና ከዚህ የጠራ የአገር ምሳሌ አላየሁም፤ ያቀናጀው ደግሞ ላቦራቶሪ ሳይሆን አንድ የሚታመን አፍ ነው። በደራ ወረዳ ያለው የዋንዛዬ ፍል ውኃም ለቁርጥማት ከሩቅ ሰው ይስባል፤ ሙቀት ለጡንቻ ሕመም መርዳቱ መመሪያዎቹም የሚቀበሉት ነው።

አካሚውስ?

ሕመምተኛ አንሥቶ አልጋ የሚያገላብጥ ነርስ ራሱ የወገብ ታማሚ ነው። የሌሊት ዱቲ፣ የአልጋ እጥረት፣ በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ሲጎርፍ የነበረ ቁስለኛ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ድካም ብቻ አይደለም የሚያመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ መታከትን ከሥራ ቦታ የሚመጣ ክስተት ብሎ በበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስፍሮታል፤ ምልክቶቹም መዛል፣ ከሥራው መራቅና “ምን ፋይዳ አለኝ” ማለት ናቸው።

የጥሞናና የትንፋሽ ልምምድ ለጤና ባለሙያ ጭንቀት መጠነኛ እርዳታ እንዳለው ታይቷል። በ2017 የወጣ፣ 1,550 ሐኪሞች የተካተቱበት ግምገማ ግን ከግለሰቡ ይልቅ በተቋሙ ላይ የተደረገ ለውጥ፣ ማለትም የሥራ ሰዓትና ጫና ማስተካከል፣ የበለጠ ውጤት እንዳለው አግኝቷል። ዱቲ ተደራርቦባት ያላሸለበችን ነርስ “ትንፋሽሽን አዳምጪ” ማለት ቀልድ ይመስላል። ሕመምተኛን ወደ አልጋ የሚያሸጋግር ተንሸራታች ሰሌዳና ለሁለት የሚያነሣ ጓደኛ ይሻሏታል።

በግቢው ለዚህ የሚሆን መሠረት አለ። ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2017 በጀመረው ትብብር ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል። ይህ ሙያ የታመመውን ሰው እንደገና እንጀራ እንዲጋግር፣ በሬ እንዲጠምድ፣ ከመደብ እንዲነሣ የሚያሠለጥን ነው።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ማስታገሻ ኪኒን ከምግብ በኋላ ይዋጥ ይባላል፤ ጿሚው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። ወይ ባዶ ሆዱን ውጦ ጨጓራውን ያስቆጣል፣ ወይ ጭራሽ ይተወዋል፤ ሁለቱንም ለሐኪም አይናገርም። ፋርማሲ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ “ይጾማሉ እንዴ፣ አባቴ?” ካለችና አዎ ካሏት፣ ሐኪሙን አማክራ ሰዓቱን ከዘጠኝ በኋላና ከመኝታ በፊት ታደርግላቸዋለች፤ የጉልበት ሕመም ካለባቸውም ስግደቱን እንዲቀንሱ ንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ትነግራቸዋለች።