ከባድ ቃል መሸምደድና እንግሊዝኛ ማወቅ ይለያያሉ

ድሬዳዋ ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪም ይመጣል፣ መሥሪያ ቤት የሚሠራም ይመጣል፣ ለስኮላርሺፕ የሚዘጋጅም አለ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ «ከበድ ያሉ ቃላት ከየት ላግኝ?» ይሉኛል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በተሳሳተ እምነት ዓመታቸውን ሲፈጁ ማየት ስለሚያንገበግበኝ፣ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን እዚህ ልጻፋቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«አድቫንስድ ቃል ማለት ሰው የማያውቀው ቃል ነው።»

አይደለም አቦ! አቨሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎችን መርምራ፣ በየትምህርት ዘርፉ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አወጣች። የቃል ቤተሰብ የሚባለው አንድ ቃል ከነእርባታው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት እነ አናላይዝ፣ ኤስታብሊሽ፣ ሲግኒፊካንት፣ ኮንሴፕት ናቸው። ማንም ሰምቷቸው ያውቃል። ግን ከአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ 10 በመቶ ያህሉን የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው።

ይሄ ለእኛ ተማሪዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፍ አልገባ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው «ክሎሮፊል» አይደለም፤ እሱ እዚያው መጽሐፉ ላይ ተብራርቷል፣ ሥዕልም አለው። የሚያደናቅፉት እነ «ኮንስቲቲዩት» እና «ዲራይቭ» ናቸው፤ እነሱን ማንም ቆሞ አያስረዳም፤ መጽሐፉም መምህሩም ተማሪው ያውቃቸዋል ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ሰው የማያውቀውን ቃል ከማደን በፊት እነዚህን 570ዎቹን ጠንቅቆ መያዝ ይሻላል። የሥራ ማመልከቻ ላይም «ስታርት» የሚበቃበት ቦታ «ኮሜንስ» እያሉ መደርደር አንባቢውን ያደክማል እንጂ አያስደንቅም።

«ዲክሽነሪ ከኤ ጀምሬ ልሸምድድ።»

ይሄን የሚሞክር ሰው ትጋቱ ያስደስተኛል፤ መንገዱ ነው የሚያሳዝነኝ። በፊደል ተራ ሲሸመደድ የሚመሳሰሉ ቃላት ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ «አዳፕት» እና «አዶፕት» በአንድ ቀን ሲጠኑ ፈተና ላይ ይምታታሉ። ሌላው ችግር መርሳት ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተጠና ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ እንደሚጠፋ፣ በየጊዜው ተከፋፍሎ ሲከለስ ግን በአንድ ቁጭታ ከሚጠና የተሻለ እንደሚቆይ አሳይቷል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ 100 ቃል ከመሸምደድ ጥቂት ቃል ይዞ ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ መመለስ ይሻላል። ከደብተር ላይ ትንንሽ ወረቀት ቁረጡ፤ በአንዱ ፊት ቃሉን፣ በሌላው ትርጉሙን ጻፉ። ወረቀቱን ከመገልበጣችሁ በፊት ለማስታወስ ታገሉ። ቃሉን ጭንቅላት ውስጥ የሚያስቀረው ያ ትግል ነው።

«የአማርኛ ትርጉሙን ካወቅኩ ቃሉን አውቄዋለሁ።»

ትርጉሙ መነሻ ነው፤ አልንቀውም። ግን ቃል የራሱ ጓደኞች አሉት። እኛ «ወፍራም ቡና» እንላለን፤ ይሄን ይዞ «ቲክ ኮፊ» ያለ ሰው አልተሳካለትም፤ እንግሊዝኛው «ስትሮንግ ኮፊ» ነው። እኛ ፎቶ «እናነሳለን»፣ እነሱ «ቴክ» ይሉታል፤ ለፈተናም፣ ለመድኃኒትም፣ ለታክሲም ያው «ቴክ» ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት ጥልቀታቸው ሌላ ነው። «ሴት» (set) የሚለው ባለሦስት ፊደል የእንግሊዝኛ ግሥ በ1989 በወጣው የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ላይ 430 ያህል ፍቺ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ቃሉን ብቻውን አትጻፉት፤ ካነበባችሁበት ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፉት።

«ቋንቋ ስለበዛብኝ ነው እንግሊዝኛው አልገባ ያለኝ።»

ይሄ የድሬ ልጅ አፍ ሲወጣ በጣም ያሳዝነኛል። መጋላ ሰፈር ያደገ ልጅ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ እያቀያየረ ያወራል፤ ማንም ዝርዝር አስሸምድዶት አይደለም። ቃሉን በሚፈልገው ሰዓት፣ ደጋግሞ ስለሰማው ነው። ጭንቅላቱ ቋንቋ እንደሚችል ራሱ ማስረጃ ነው። ልዩነቱ ሶማልኛው ገበያ ውስጥ፣ ኦሮምኛው ጎረቤት አለ፤ እንግሊዝኛው ግን ሰፈር ውስጥ ስለሌለ ፈልገን ማምጣት አለብን፣ የምናመጣውም በዋናነት በንባብ ነው።

«ዕድሜዬ ገፍቷል» ለሚሉ ደግሞ፤ ዕድሜ ይበልጥ የሚጫነው አነጋገር ዘዬ ላይ ነው። ቃላት ግን ሰው ጎልምሶም ይጨምራል።

«ፊልም ካየሁ ይበቃኛል።»

ፊልም ጆሮ ይከፍታል፣ እዩ። ግን ንግግር የሚሽከረከረው በተለመዱ ቃላት ነው። ፖል ኔሽን የተባለው የቃላት ተመራማሪ በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ንግግር ያለ እርዳታ ለመረዳት ከ6,000 እስከ 7,000 የቃል ቤተሰብ፣ ልብ ወለድና ጋዜጣ ለማንበብ ደግሞ ከ8,000 እስከ 9,000 እንደሚያስፈልግ ገምቷል። ያንን ልዩነት የሚሞላው ንባብ ነው።

ንባብ ሲባል ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ በየመስመሩ ዲክሽነሪ መግለጥ አይደለም። ኔሽን ስሌቱን የሠራው ከጽሑፉ 98 በመቶው መታወቅ አለበት ብሎ ነው፤ ከ50 ቃል አንዱ ብቻ አዲስ ይሆናል ማለት ነው። ያኔ አዲሱን ቃል ከዙሪያው መገመት ይቻላል። 250 ቃል ገደማ ያለው ገጽ ላይ የማታውቋቸውን ቁጠሩ። አምስት አካባቢ ከሆኑ ቀጥሉ። አሥራ አምስት ከሆኑ ያንን መጽሐፍ ለጊዜው አስቀምጡና ለቋንቋ ተማሪዎች ተብሎ ቀለል ተደርጎ የተጻፈ ያዙ።