በግቢያችን ያለችው ቤተ ልሔም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ የልደትን ትምህርት ከየት ትጀምራላችሁ? እኔ ለዓመታት «ጌታ የት ተወለደ?» ብዬ ነበር የምጀምረው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «በቤተ ልሔም!» ይላሉ፤ እኔም ገብቷቸዋል ብዬ አልፋለሁ። አንድ እሑድ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ «እዚህ ግቢያችን ያለችው ናት?» አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁባት። እኔ ግን የያዝሁትን ትምህርት ትቼ ልጆቹን ሁሉ ይዤ ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ካለችው ትንሽ ቤት ራቅ ብለን ቆምን። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጀው በዚያች ቤት ነው። ዲያቆናቱ ኅብስቱን ከዚያ ይዘው ቃጭል እየመቱ ሲያልፉና ሕዝቡ ሲሰግድ ልጆቹ ዘወትር ያያሉ፤ ለምን ቤተ ልሔም እንደተባለች ግን የነገራቸው አልነበረም። «ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው» አልኋቸው። «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» ያለው ጌታ (ዮሐ. 6፥35) የተወለደው በእንጀራ ቤት ነው።

ግርግም የሚለውንም ቃል ሳናብራራ አንለፈው። የከተማ ልጅ ግርግም አያውቅም፤ ብዙዎቹ የሕፃን አልጋ ይመስላቸዋል። ከብቶች ድርቆሽ የሚበሉበት መሆኑን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ «ታዲያ ለምን እዚያ አስተኙት?» አለ። ወንጌሉ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ይላል (ሉቃ. 2፥7)። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኮከቡን ያዩት ሰብአ ሰገል ናቸው፤ መልአኩ ለእረኞቹ የሰጣቸው ምልክት ግን ይኸው ግርግም ነው (ሉቃ. 2፥12)። ለዓለም ምግብ ሊሆን የመጣው ጌታ በመብል ስፍራ ተኛ! ይህን ለልጅ ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ እንዲያውም ከእኛ ፈጥነው ይቀበሉታል።

ስለ ዛፉና ስለ ገና አባት መጠየቃቸው አይቀርም። አትቆጧቸው፤ በአጭሩ መልሳችሁ ወደ ሕፃኑ ተመለሱ።

ደግሞም እስከ በዓሉ ሳምንት አትጠብቁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ጀምሩ፤ አንድ እሑድ ሚክያስን (5፥2)፥ ሌላ እሑድ ኢሳይያስን (7፥14) አስተምሯቸው። ነቢያቱ በናፍቆት የጠበቁትን ልጆቹም ከእነርሱ ጋር ይጠብቁት።

በዚያ ዓመት በልደት ሌሊት ቃጭሉ ሲሰማ ያቺን ልጅ አየኋት። የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ «ከቤተ ልሔም መጣ» አለቻትና ሰገደች።