የቻይና ቋሚ መደበኛ የንግድ ግንኙነት ሕግ

አሜሪካ ከቻይና ጋር ያላትን የንግድ ግንኙነት ቋሚ ያደረገችው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ኦክቶበር 10 ቀን 2000 በፈረሙት ሕግ ነው (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ብዙ ሰው ሕጉ ቀረጥ የቀነሰ ይመስለዋል። አልቀነሰም። የቻይና ዕቃ በመደበኛው ዝቅተኛ ቀረጥ መግባት የጀመረው በ1980 ነው። ችግሩ ፈቃዱ በየዓመቱ መታደስ ነበረበት። ይህን ያመጣው በ1974ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ የገባው የጃክሰን ቫኒክ አንቀጽ ነው። በዋናነት የታሰበው ለሶቪየት አይሁዶች ሲሆን፣ ዜጎቻቸው እንዳይወጡ የሚከለክሉ ኮሚኒስት አገሮችን መደበኛውን ቀረጥ ይነፍጋል፤ ፕሬዚዳንቱ ክልከላውን ማንሳት የሚችለውም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።

ባይታደስስ? አሻንጉሊትን እንይ። በአሜሪካ የቀረጥ ሰንጠረዥ መደበኛ ዓምድ ቀረጡ ዜሮ ነው። ከ1930ው የስሙት ሃውሊ የከፍተኛ ቀረጥ ሕግ በተረፈው ዓምድ ግን 70 በመቶ። አስመጪው ዕቃ የሚያዘው ልቡ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከ1989ኙ የቲያንመን ግድያ በኋላ እድሳቱ የየዓመቱ ጭቅጭቅ ሆነ። በ1998 ዝቅተኛው ቀረጥ ይጠራበት የነበረው «እጅግ ተመራጭ አገር» የሚለው ስም «መደበኛ የንግድ ግንኙነት» በሚል ተተካ። ብልጥ እርምጃ ነበር። «ተመራጭ» ለሚል ነገር እጅ ማውጣት ለፖለቲከኛ ይከብዳል።

ኖቬምበር 1999 ሁለቱ አገሮች ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅትን ስለምትቀላቀልበት ሁኔታ ቤጂንግ ላይ ተስማሙ። ከዚያ ግንኙነቱን ቋሚ የሚያደርገው ረቂቅ ሕግ ቁጥር 4444 መጣ። የሠራተኛ ማኅበራት አጥብቀው ታገሉት። ሜይ 24 ቀን 2000 በተወካዮች ምክር ቤት 237 ለ197 አለፈ። ከክሊንተን ፓርቲ የደገፉት 73 ብቻ ናቸው፣ 138ቱ ተቃወሙ። ሕጉን ያሳለፉት በአብዛኛው ሪፐብሊካኖች ናቸው ማለት ነው። ሌቪንና ቤሬውተር የተባሉ ሁለት ተወካዮች የቻይናን የሰብዓዊ መብት አያያዝ የሚከታተል ኮሚሽን እንዲቋቋም አስጨመሩ፤ ለሚያመነቱት መሻገሪያ የሆነው ይኸው ነው። ሴኔቱ ሴፕቴምበር 19 ቀን 83 ለ15 አጸደቀው። አንዲት ቃል ብትቀየር ረቂቁ ወደ ተወካዮቹ ይመለስ ስለነበር ማሻሻያዎቹ ሁሉ ውድቅ ተደረጉ።

ቻይና ዲሴምበር 11 ቀን 2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ተቀላቀለች። ሕጉም ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ለጠፋው የፋብሪካ ሥራ አንዳንድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ሕጉን፣ ሌሎች ማሽኖችን ይከሳሉ። የሁለቱም እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። ከ2018 ጀምሮ በቻይና ዕቃ ላይ የተጣሉት ተጨማሪ ቀረጦች ይህን ሕግ አልሻሩትም። የ2018ና የ2019 ዋናዎቹ የመጡት በዚያው በ1974ቱ ሕግ አንቀጽ 301 በኩል ነው።