ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በአምስት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ስወጣ የሳይንስ ግቢውን፣ የቴክኖሎጂ ግቢውን፣ ብሔራዊ ሙዚየሙንና የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን በአንድ መንገድ አገኛቸዋለሁ። በዚህ መንገድ መጠይቅ ተሸክሜ ለዓመታት ተመላልሻለሁ፤ መጀመሪያ በመረጃ ሰብሳቢነት፣ በኋላም በአጥኚነት። በየደጃፉና በየታክሲው ስለ ሥራችን የሚባለውን እሰማለሁ። አንዳንዱ ቅሬታ እውነት አለው። አብዛኛው ግን ምርምር እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ የመጣ ነው፤ ለዚህም የምወቅሰው በቅድሚያ እኛን፣ ሥራችንን በአማርኛ ቁጭ ብለን ያላስረዳነውን ነው። ከሰማኋቸው መካከል ዝም ብዬ ማለፍ የማልችላቸውን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥናት ተጠንቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል»

ብዙ ጥናት አቧራ እንደሚጠጣ አልክድም። ነገር ግን ይህን የሚለኝን ሰው ሁሉ ስለ እንዶድ እጠይቀዋለሁ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ በሄዱበት ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የብልሃርዚያ ተውሳክ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እናቶቻችን የእንዶድን አረፋ ለዘመናት ያውቁታል። ያንን አረፋ ከቀንድ አውጣዎቹ ሞት ጋር አገናኝቶ መጠየቅ፣ ከዚያም መፈተን፣ የተመራማሪ ድርሻ ሆነ። ምን ያህሉ ይገድላል? ሌላውን የውኃ ፍጡር ምን ያህል ይጎዳል? የትኛው ዝርያ ይሻላል? እያንዳንዱ ጥያቄ ዓመታት ወስዷል። በ1989 አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል።

ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው። እንዶድ ለረጅም ጊዜ ከውጭ ድርጅቶች ተገቢውን ድጋፍ አለማግኘቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ አንድ ጥናት መደርደሪያ ላይ ሲቀር ከአጥኚው አልፎ የሚጠየቅ ወገን እንዳለ ይታወቅልን።

«ግኝት የአንድ ቀን ዕድል ነው»

ሙዚየሙ ውስጥ ተማሪዎች በድንቅነሽ ፊት ቆመው «አጥንት አዩ፣ አነሡ፣ ታዋቂ ሆኑ» ሲሉ ሰምቻለሁ። (ለሕዝብ የሚታየው ቅጂ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል።) ድንቅነሽ በ1974 በሐዳር መገኘቷን ሁሉም ይናገራል። እኔ ግን መተረክ የምወደው የሌሎቹን የሁለቱን ነው።

እንደ ድንቅነሽ የጥንት የሰው ዘር የሆነችውን የአርዲን የመጀመሪያ የእጅ አጥንቶች ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በመካከለኛው አዋሽ ያገኟቸው በ1994 ነው። ዕድሜያቸው 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ሲነኳቸው ይፈረፈሩ ነበር። ዝርዝር ውጤቱ ለዓለም የወጣው በ2009 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! በ1994 የተወለደ ልጅ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባል። ሰላምን ደግሞ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 ዲኪካ ላይ አገኛት፤ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ሕፃን ናት። አጥንቶቿ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቀው ስለነበር፣ ድንጋዩ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ቅንጣት በቅንጣት ተፈልፍሎ ነው የወጣችው። ዜናዋ የተሰማው በ2006 ነው። አንዲት የጎድን አጥንት እንዳትሰበር ትንፋሹን ይዞ የሚሠራውን ሰው አስቡት፤ ያ ሰው ዕድለኛ ተብሎ ሲታለፍ ያመኛል።

«ሥነ ልቦና ምክር ነው፤ ደግሞም የፈረንጁ ጥናት ለእኛም ይሠራል»

ይህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የራሴ ሙያ ነውና።

ከስድስት ኪሎ ጀርባ ባለ ሰፈር፣ ዕድሜያቸው ሰባን ከተሻገረ አንዲት እናት ቤት ነበርኩ። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። የያዝኩት መጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በብዙ አገሮች የሚሠራበት፣ የአእምሮ ጭንቀትን የሚለይ ባለ 20 ጥያቄ ነው። «ከንቱ ሰው እንደሆኑ ይሰማዎታል?» የሚለው ላይ ደረስኩ።

«አዎ ልጄ» አሉኝ ከምስሩ ቀና ሳይሉ። «ከንቱ ያልሆነ ማን አለ? ሁላችንም አፈር ነን።»

በመመሪያው መሠረት «አዎ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። ያ ምልክት ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ የሕመም ነጥብ ይሆናል። እኚህ እናት ግን የነገሩኝ ትሕትናቸውን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ዕድሜ ልካቸውን የሚሉትን። እንዲህ ያለ ሰው መቶ ቢገኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ ታሟል የሚል ሪፖርት ይጻፋል፤ በሪፖርቱም ላይ በጀት ይመደባል።

ለዚህ ነው ሥነ ልቦና ምክር ብቻ ያልሆነው። መጠይቅ ሲተረጎም አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ከአማርኛው መልሶ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ቀጥሎ ጥቂት ሰዎች ይጠየቁና «ምን ማለት መሰለዎት?» ይባላሉ። በመጨረሻም የመጠይቁ ውጤት የአእምሮ ሐኪም በአካል መርምሮ ከደረሰበት ጋር ይመሳከራል። ይህ ሁሉ ካልተደረገ ቁጥሩ ቁጥር አይባልም።

በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ፣ ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች፣ ያውም በብዛት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተወሰደ መሆኑን አሳይተዋል። በ2015 ደግሞ ብዙ አጥኚዎች ተባብረው 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደ አዲስ ሲደግሙ፣ በስታቲስቲክስ ሚዛን አሳማኝ ውጤት የሰጡት 36 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። ይህን እያነሡ «አያችሁ፣ ሳይንስ አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ በተቃራኒው እኮራበታለሁ። የራሱን ስሕተት ቆጥሮ በአደባባይ ያወጀ ሙያ ስንት አለ?

«ሥዕል ምን ምርምር አለው? ተሰጥዖ ነው»

ገነተ ልዑል ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሥዕለ አድኅኖዎቹ የተቀመጡበት ክፍል አለ። አብዛኞቹ የሣላቸው ሰው ስም የለባቸውም፤ የጥንት ሠዓሊ ለእግዚአብሔር እንጂ ለስሙ አይሥልምና። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ግን ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለ አንድ ሥዕል ስሙን ትቶ አልፏል። አጥኚዎች ከዚያ አንድ ሥዕል ተነሥተው የፊት አሣሣሉን፣ የልብሱን እጥፋት፣ የመስመሩን አካሄድ እያስተያዩ ሌሎች ሥዕሎችን ከእርሱ እጅና ከተከታዮቹ ጋር አገናኙ። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው በዚህ ምርምር ስሙ ተመለሰለት። የቀለሙንና የእንጨቱን ጠባይ ያላወቀ ጠጋኝ ደግሞ በአንድ ቀን ምን ሊያጠፋ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

«ያሰበውን ያላገኘ ጥናት ኪሳራ ነው»

አንድ ተማሪ «ይህ ቅጠል ለዚህ በሽታ አይሠራም» ብሎ በጥንቃቄ ካረጋገጠ፣ ቀጣዩ ሰው ሦስት ዓመቱን አያባክንም። ኪሳራው ያንን ውጤት መደበቅ ነው።

«ኃይል ካመነጨን የኃይል ጥናት አለቀ»

በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚህ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን የኃይል ፖሊሲ ከግድቡ በር ይጀምራል እንጂ እዚያ አያበቃም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ያህል ማለት ነው። መቶ ሺህ ቤቶች በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥዱ 350 ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚጋግር ማወቅ የመሐንዲሱን ያህል የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ጥናት ሰው ይጠይቃል። በብዙ አገር የሌሊት የኤሌክትሪክ ዋጋ ረከስ ተደርጎ ሰው ሰዓቱን እንዲቀይር ይሞከራል፤ እኛስ ዘንድ ይሠራ ይሆን?

ይህንኑ ለመጠየቅ አራት ኪሎ አካባቢ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች የሚያስረክቡ አንዲት ሴት ቤት ገባሁ። መጠይቄ ላይ «የሚጋግሩት መቼ ነው?» የሚል ጥያቄና ሦስት ሣጥኖች ነበሩ፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ። ምጣዱን አስሰው ሊጡን ዙሪያውን ካፈሰሱ በኋላ አክንባሎውን ገጠሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ አንተ ሰዓት ትጠይቀኛለህ» አሉኝ። «እኔ የማየው ሰዓት አይደለም። አብሲት ጥዬበት ኩፍ ሲል ነው የምጋግረው። ካሳለፍኩት ይኮመጥጣል፤ ማን ይገዛኛል?»

ለሦስት ወር ስለ ዋጋ ስንከራከር የከረምንበትን ወረቀት ሊጡ እንደሚያዝዘው አንዳችንም አላሰብንም ነበር። ሣጥኖቹን ባዶ ትቼ ያሉኝን ቃል በቃል ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። በቀጣዩ ዙር የመጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሊጡን ያቦኩት መቼ ነው?» የሚል ሆነ።