ኢሜይል በታብሌት፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ታብሌት ለኢሜይል ግሩም ዕቃ ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ፊደሉ ይጎላል፣ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ ደብዳቤውን ሳይቸገር ያነባል። ውጭ ያለ ልጅ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ታብሌት ሲልክ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው ዕቃው ላይ ሳይሆን ከሰው ሰው በሚተላለፈው ወሬ ላይ ነው። በወሬ ተመርቶ ትልቅ ደብዳቤ ያጠፋ፣ ገንዘቡን የተበላ ሰው ሳይ ያንገበግበኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ታብሌቱ ላይ ባጠፋውም ስልኬ ላይ አለ»

የለም። ኢሜይሉ የሚኖረው ታብሌቱ ውስጥ ሳይሆን የጎግል፣ የያሁ ወይም የማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምንደርስበት የድርጅቱ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ታብሌቱም ስልኩም የሚያሳዩት ያንኑ አንድ ሳጥን ነው። አንዱ ላይ ያነበብነው ሌላውም ላይ እንደተነበበ ይታያል፤ አንዱ ላይ የሰረዝነው ከሌላውም ይሰረዛል። ድሮ ፖፕ በሚባለው አሠራር መልዕክቱ ኮምፒውተር ላይ ይወርድና ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ ይጠፋ ነበር። «ያወረድኩት እኔው ጋ ይቀራል» የሚለው እምነት ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል።

ደስ የሚለው ግን «ጠፋብኝ» የሚባለው ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። አንድሮይድ ታብሌት ላይ ጂሜይልን ከፍተን አንዱን መልዕክት በጣታችን ወደ ጎን ሸርተት ስናደርገው፣ ሴቲንጉን ካልቀየርነው በስተቀር፣ መልዕክቱ አርካይቭ ይደረጋል። ከኢንቦክስ ይወጣል እንጂ አይሰረዝም። ወዲያው ከስክሪኑ ግርጌ ለአፍታ ብቅ የምትል መመለሻ አለች፤ እሷን መንካት ነው። ካመለጠችን ከላይ በግራ በኩል ያሉትን ሦስት መስመሮች ነክተን «ኦል ሜይል» ውስጥ እንፈልግ፤ እዚያ አለ። ላኪው በዚያው ላይ መልስ ቢጽፍልን ደግሞ ራሱ ወደ ኢንቦክስ ይመለሳል።

የቆሻሻ ቅርጫቷን ከነካን ነገሩ ይለያል። መልዕክቱ ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ለዘለቄታው ይሰረዛል። ስለዚህ የጠፋብንን ዛሬውኑ እንፈልገው፣ ለነገ አንበል።

«አካውንቱን ከታብሌቱ ካነሳሁት ኢሜይሎቼ በሙሉ ይጠፋሉ»

በዚህ ፍርሃት የተነሳ አካውንታቸውን ሳያነሱ ታብሌታቸውን የሚሸጡ፣ ለዘመድ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። አካውንትን ከዕቃው ላይ ማንሳትና አካውንቱን ራሱን መዝጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዕቃው ሲነሳ ሰርቨሩ ላይ ያለው አንድም ፊደል አይነካም፤ ሌላ ዕቃ ላይ በፓስወርዳችን ስንገባ ሁሉም እንዳለ ይመጣል። መጠንቀቅ ያለብን «አውትቦክስ» ውስጥ ገና ያልተላከ መልዕክት እንዳይኖር ብቻ ነው። ታብሌቱ ከተሰረቀም ከስልካችን የጎግል አካውንታችን ውስጥ ገብተን፣ ሴኪዩሪቲ በሚለው ክፍል «የእርስዎ ዕቃዎች» ከተባለው ዝርዝር ታብሌቱን መርጠን ማስወጣት እንችላለን።

«ኔትወርክ ከሌለ ኢሜይል አይነበብም»

ይነበባል። የጂሜይል አፕ የቅርብ ቀናቱን መልዕክቶች ታብሌቱ ላይ ያስቀምጣል፤ አንድሮይድ ላይ ካልቀየርነው የ30 ቀን ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ መጨመር ይቻላል። የጻፍነውም አውትቦክስ ውስጥ ይጠብቅና ኔትወርክ ሲመጣ ይሄዳል። አብሮ የተላከው ፋይል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ወይም የቀጠሮ ደብዳቤ በፒዲኤፍ ከመጣልን፣ ከቤት ዋይፋይ ሳንርቅ ዳውንሎድ እናድርገው። ኢሜይሉን ከፍቶ ማየት ፋይሉን ማስቀመጥ አይደለም።

«አይፓዴ ተበላሽቷል፣ ኢሜይል ዘግይቶ ነው የሚገባው»

አልተበላሸም። የአይፓድ የራሱ ሜይል አፕ ጂሜይልን በየተወሰነ ሰዓቱ ሄዶ ነው የሚያመጣው። ሰዓቱን ወደ 15 ደቂቃ ማሳጠር ወይም የጂሜይልን አፕ መጫን ይበቃል።

«የላኪውን ስም ካየሁ በቂ ነው»

ይሄኛው ነው ሰውን የሚያስለቅሰው። ከላይ በጉልህ የሚታየው ስም ላኪው ራሱ እንዳሻው የሚጽፈው ነው። «የአሜሪካ ኤምባሲ» ብሎ መጻፍ ማንም ይችላል። ትክክለኛው አድራሻ የሚታየው ከስሙ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀስት ስንነካ ነው።

የዲቪን ነገር እንውሰድ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣው ደርሶዎታል፣ ለማስኬጃ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚል ኢሜይል የሚደርሰው ብዙ ሰው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ የደረሰውን ሰው «ደርሶሃል» ብሎ በኢሜይል አያበስርም። አመልካቹ ሲሞላ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ራሱ ገብቶ ነው የሚያየው። የመንግሥት አድራሻ የሚያበቃው «ዶት ጎቭ» ብሎ ነው። አስቀድማችሁ በሐዋላ ላኩ የሚል ደብዳቤ የሌባ ነው፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ ባንዲራ ቢኖረውም። ኢንተርኔት ቤት ያስሞላችሁ ደግሞ ያንን ቁጥር ከሞላላችሁ ሰው ተቀብላችሁ እቤታችሁ አስቀምጡ።

ሊንክ ሲመጣም ቶሎ አንንካ። አንድሮይድ ላይ ጣታችንን ሊንኩ ላይ አሳርፈን ብናቆየው ወዴት እንደሚወስደን ሳይከፈት አድራሻውን ያሳየናል።

«ስፓም ውስጥ የገባ ሁሉ ቆሻሻ ነው»

አይደለም። ስፓም ጂሜይል የማይፈለግ የመሰለውን መልዕክት ለይቶ የሚያስቀምጥበት ሳጥን ነው። የስኮላርሺፕ መልስ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ጥሪ እዚያ ሊገባ ይችላል። ጂሜይል ስፓምንም ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋዋል። መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ቶሎ ቶሎ እዩት።

«ኢንቦክሱ ስለሞላ ነው ታብሌቱ የተንቀረፈፈው»

ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሰርቨር ላይ ያለ ነው፤ ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶዎች ይጋሩታል። እሱ ሲሞላ አዲስ ኢሜይል መግባት ያቆማል እንጂ ታብሌቱ አይዘገይም። ብዙ ጊዜ የሚሞላውም በፎቶና በቪዲዮ ነው። ኢሜይል ሰርዛችሁ ቦታው አልለቀቀም ካላችሁ ትራሹን ባዶ አድርጉ፤ ትራሽ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

«ልጆች ናቸው የሚጫወቱበት፣ ምን ይሆናል?»

ኢሜይላችን የሌሎች አካውንቶቻችን ሁሉ ቁልፍ ነው። «ፓስወርድ ረሳሁ» ስንል አዲሱ የሚላከው እዚያ ነው። ታብሌት ደግሞ እንደ ስልክ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፣ ሶፋ ላይ ውሎ የሚያድር የቤተሰብ ዕቃ ነው። ብዙ አንድሮይድ ታብሌት ላይ ለልጆች ለብቻ ሌላ ተጠቃሚ መክፈት ይቻላል። አይፓድ ለቤት ተጠቃሚ ይህን አይፈቅድም፤ ግን «ጋይድድ አክሰስ» የሚባለውን ሴቲንግ ውስጥ ካበራችሁት፣ ልጁ የከፈታችሁለት ጨዋታ ውስጥ ብቻ ይቆያል፣ ያለ ኮዱ አይወጣም።