ፔት ስካን በአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ግምገማ፦ አሠራሩና የጅማ ሁኔታ

የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተጠናቆ ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጣ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሙሉ በሙሉ ወጣ ወይ?» ብሎ ነው። ፔት ስካን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሚያገለግሉ የምስል ምርመራዎች አንዱ ሲሆን፣ ዋና ሥራው የዕጢውን ቅርጽ ማሳየት ሳይሆን በቀዶ ሕክምናው ቦታ ላይ በሕይወት ያለ የዕጢ ሴል መቅረት አለመቅረቱን ማመልከት ነው።

ለረጅም ጊዜ መልሱ የተመሠረተው ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ባየው ላይ ነበር። ከአንጎል ሽፋን ለሚነሳው ሜኒንጂዮማ ለተሰኘው ዕጢ ዛሬም የሚሠራበት፣ ዕጢው ምን ያህል እንደወጣ የሚለካው የሲምፕሰን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ሲሆን፣ መመዘኛው ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ወቅት አወጣሁ ብሎ የሚመዘግበው ነው። በማግኔት ኃይል የውስጥ አካልን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ከመጣ በኋላ ግምቱ በምስል መረጋገጥ ጀመረ። ይሁን እንጂ ኤምአርአይም የራሱ ገደብ አለው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ የሚመከረው፣ ጊዜው ካለፈ በመሻር ላይ ያለው ቁስል ራሱ ኮንትራስቱን (ምስሉን ለማድመቅ በደም ሥር የሚሰጠውን ንጥረ ነገር) ስለሚቀበልና በምስሉ ላይ እንደ ዕጢ ስለሚያበራ ነው። ጨረርና ኬሞቴራፒ ሲከተሉ ችግሩ ይብሳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ዕጢው ያደገ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ፔት ስካን በሌላ መንገድ ይሠራል። ለታካሚው በደም ሥር በሚሰጠው መድኃኒት ላይ የተያያዘው ጨረር አመንጪ አተም ፖዚትሮን የተባለ ኤሌክትሮንን የሚመስል ነገር ግን አዎንታዊ ሙል ያለው ቅንጣት ይለቃል፤ ፖዚትሮኑ በአቅራቢያው ካለ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ጠፍተው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጓዙ ሁለት ጨረሮች ይወጣሉ፤ ማሽኑም በአንድ ቅጽበት የደረሱትን ጥንዶች እየመዘገበ መነሻቸውን ያሰላል። የምስሉ ጥራት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ ከዚህ ያነሰ ስስ ቅሪት ሊያመልጠው ይችላል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሚሰጠው መድኃኒት ነው። ለሌሎች የሰውነት ካንሰሮች በሰፊው የሚያገለግለው ጨረር የተሸከመ ግሉኮስ ለአንጎል እምብዛም አይመችም፤ አንጎል የሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከሰውነት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ስለሚጠቀም ጤናማው ክፍልም በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል፣ ዕጢውም በዚያ ድምቀት ውስጥ ይደበቃል። ለዚህ ሲባል ከአንጎል ሕዋሳት ለሚነሱት ግሊዮማዎች የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ተመራጭ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ምክረ ሐሳብም ያስቀደመው እነዚህኑ ነው። ከነሱም ፍሎሪን-18 በተባለ ጨረር አመንጪ አተም የተሠራው፣ ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ዝርያ፣ ኤፍኢቲ የሚባለው፣ በብዛት ይጠቀሳል፤ ከጤናማው አንጎል 1.6 እጥፍ በላይ የተቀበለ ቦታ ብዙ ጊዜ የዕጢ ድንበር ተደርጎ ይወሰዳል።

ይህ ወደ ጅማ ሲመጣ ጥያቄው የሰዓት ጥያቄ ይሆናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ጣሊያኖች በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቻቸው ካቋቋሙት ሆስፒታል ተነሥቶ ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋና የሪፈራል ተቋም ሆኗል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱም በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ፍሎሪን-18 የሚመረተው ሳይክሎትሮን በተባለ ግዙፍ ማሽን ሲሆን በየ110 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። በአዲስ አበባ ተመርቶ በመኪና ቢላክና ጉዞው አምስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ ጅማ የሚደርሰው ከተጫነው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው። በአውሮፕላን ቢላክ ሒሳቡ በእጅጉ ይሻሻላል፤ ይህም የሚሆነው በረራውና የታካሚው ቀጠሮ በደቂቃ ከተጣጣሙ ነው። በካርቦን-11 የሚሠራው ሌላው አሚኖ አሲድ ሜታይኦኒን ደግሞ በ20 ደቂቃ ግማሹ ስለሚጠፋ ሳይክሎትሮኑ ከጎኑ ከሌለ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለጅማ ይበልጥ የሚቀርበው መንገድ ጋሊየም-68 የተባለው ጨረር አመንጪ አተም መንገድ ነው። ጋሊየም-68 በ68 ደቂቃ ግማሹ የሚጠፋ ቢሆንም ከሩቅ መምጣት አይጠበቅበትም፤ ጄኔሬተር ከሚባል በጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ ዕቃ፣ በውስጡ ካለው ጀርማኒየም-68 እየተቀዳ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ይገኛል። የጀርማኒየሙ ግማሽ ዕድሜ 271 ቀን ያህል በመሆኑ አንድ ጄኔሬተር አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያገለግላል፣ ከተቀዳም በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደገና ይሞላል። ከዚህ ጋሊየም የሚሠራው ዶታቴት የተባለው መድኃኒት የሜኒንጂዮማ ሴሎች በገጻቸው ላይ በብዛት የሚይዙትን፣ ሶማቶስታቲን የተባለውን ሆርሞን የሚይዝ ተቀባይ ይፈልጋል። ጤናማው አንጎል መድኃኒቱን ስለማይቀበል ምስሉ ጨለማ ላይ እንደተቀመጠ መብራት ይሆናል፤ ወደ ራስ ቅል አጥንት የገባና በኤምአርአይ ከጠባሳ ያልተለየ ቅሪትም ይለያል። ሜኒንጂዮማ ከአንጎልና ከሽፋኖቹ ከሚነሱት ዕጢዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው መሆኑ የዚህን ምርጫ ክብደት ይጨምራል። እርግጥ ጄኔሬተሩ ብቻውን አይበቃም፤ ማሽኑ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ መድኃኒቱን የሚያዘጋጅ ኬሚስትና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋሉ።

ውጤቱን ማንበብ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአንጎል ሥር ያለው ሆርሞን አመንጪ ፒቱታሪ ጤናማ ሆኖም ዶታቴትን ስለሚቀበል በአጠገቡ ያለ ቅሪት ከእሱ ጋር ሊምታታ ይችላል። በኤፍኢቲ ምርመራ መግል የያዘ እብጠትና በቅርቡ የተከሰተ የሚጥል በሽታ ዕጢ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ግሉኮሱም በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት አንጎል ውስጥ በሚፈጠር እብጠት ይከማቻል፤ ነቀርሳ በብዛት በሚታይበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ደረጃ ካላቸው ግሊዮማዎች የተወሰኑት ኤፍኢቲን ጨርሶ ስለማይቀበሉ፣ ባዶ ምስል «ዕጢው የለም» ማለት አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በፊት የተነሳ ፔት ካለ ይህን ለማወቅ ይረዳል፤ ዕጢው ያኔም መድኃኒቱን ካልተቀበለ ከቀዶው በኋላ የሚነሳው ምስል ስለ ቅሪቱ የሚናገረው ነገር አይኖርም።

የፔት ውጤት ተግባራዊ የሚሆነው በአብዛኛው በጨረር ሕክምና ዕቅድ ላይ ነው። ከግሊዮማዎች እጅግ አደገኛ ለሆነው ለግሊዮብላስቶማ የተለመደው የጨረር መጠን 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲሆን በ30 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ የጨረር ሐኪሙም የሚመታውን ቦታ በምስል ላይ ሲያሠምር በኤምአርአይ ያልታየ ንቁ ቦታ ፔት ላይ ካለ ያካትተዋል፣ ጠባሳ መሆኑ የተረጋገጠውን ደግሞ ከመስመሩ ውጭ ያደርገዋል። በጅማም የጨረር ሕክምና መሰጠት ስለጀመረ፣ መስመሩ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በከተማዋ ያለ ሐኪም ራሱ የሚመልሰው ሆኗል።