ኤርቶ ኤ ካሶ፦ ስለ ቫዮንት ግድብ መንደሮች የሚወራውና እውነታው

በሰሜን ጣሊያን ተራሮች መካከል፣ ፖርዴኖኔ አውራጃ ውስጥ፣ ኤርቶና ካሶ የሚባሉ ሁለት የድንጋይ መንደሮችን አጣምሮ የያዘ አንድ ትንሽ የገጠር ማዘጋጃ ቤት አለ። ዛሬ ነዋሪው አራት መቶ አይሞላም። ኦክቶበር 9 ቀን 1963 ማታ፣ በዚሁ ማዘጋጃ ቤት መሬት ላይ ያለው የቶክ ተራራ ጎን ተንዶ ቫዮንት ግድብ ሐይቅ ውስጥ ገባና 1,917 ሰው አለቀ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ወዲህ ስለ አካባቢው የሚወራው ብዙ ነው፤ ተዛብቶ የሚወራውም እንዲሁ።

«ግድቡ ፈርሶ ነው ሰው ያለቀው»

አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆሟል። ሳዴ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በ1957 ጀምሮ በ1960 ሠርቶ የጨረሰው ይህ ግድብ ከፍታው 261.6 ሜትር ሲሆን፣ በጊዜው በዓይነቱ ከዓለም አንደኛ ነበር። የተጎዳው አናቱ ላይ ብቻ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ላይ 260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይና አፈር እንደ አንድ ቁራጭ ተንሸራቶ ወረደ። ሐይቁ ውስጥ የነበረው ውሃ የዚህን ግማሽ እንኳ አያህልም ነበር። ከሐይቁ 50 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ተገፍቶ ወጣ፤ ግማሽ ያህሉ በግድቡ አናት ላይ ዘሎ፣ በጠባቡ ገደል ወርዶ፣ ፒያቬ ወንዝ ዳር ያለችውን ሎንጋሮኔን በደቂቃዎች ውስጥ ጠረጋት። በዚያ ሰዓት የሎንጋሮኔ ቡና ቤቶች ሰው በሰው ነበሩ፤ ሪያል ማድሪድ ከግላስጎው ሬንጀርስ ጋር ያደረገው ጨዋታ በቴሌቪዥን ይታይ ነበርና። ውሃው ገደሉ ውስጥ ያለውን አየር እየገፋ ስለመጣ፣ ከማዕበሉ ቀድሞ የደረሰው ነፋሱ ነው።

«የተጎዳችው ሎንጋሮኔ ብቻ ናት»

ከሟቾቹ 1,450ው የሎንጋሮኔ፣ 109ኙ የኮዲሳጎና የካስቴላቫዞ ሰዎች ናቸው። 158ቱ ግን የኤርቶ ኤ ካሶ ነዋሪዎች ነበሩ። ቀሪዎቹ 200 የግድቡን ሠራተኞች ጨምሮ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የማዕበሉ ሌላኛው ክፍል ነው፤ ወደ ላይኛው ሸለቆ ዞሮ ፍራሰን፣ ሳን ማርቲኖ፣ ፒኔዳና ሌ ስፔሴ የሚባሉትን ሰፈሮች መታ። የኤርቶ ዋና መንደር ተረፈ። ከሐይቁ 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ባለው ካሶ ደግሞ ውሃና ድንጋይ የታችኞቹን ቤቶች ደበደበ።

«የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ አስቀድሞ ያወቀ አልነበረም»

ከሁሉም ውሃ የማያነሳው ይሄ ነው። ማርች 1959 ላይ በአቅራቢያው ባለው የፖንቴሴይ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ናዳ ወርዶ አንድ ሠራተኛ ገድሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ጋዜጠኛዋ ቲና ሜርሊን የኤርቶን ሰዎች ስጋት በጻፈች ጊዜ «ሐሰተኛ ወሬ በመንዛት» ተከሰሰች፤ ኖቬምበር 1960 ላይ የሚላኖ ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃት። በዚያው ወር፣ ኖቬምበር 4 ቀን፣ 700,000 ሜትር ኩብ ከቶክ ተንዶ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ተራራው ላይም ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተ። የግድቡ ነዳፊ የካርሎ ሴሜንዛ ልጅ የሆነው ጂኦሎጂስት ኤዶአርዶ ሴሜንዛ ቦታው ጥንት የተንሸራተተ ግዙፍ ናዳ መሆኑን ለይቶ ነበር።

ታዲያ የግድቡ ኃላፊዎች ለምን ቀጠሉ? ናዳውን መቆጣጠር እንችላለን ብለው ስላሰቡ። ውሃው ሲጨምር ተራራው ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ዝግ ይላል፤ ይህንን እያዩ ሐይቁን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ናዳው ሐይቁን ለሁለት ቢከፍለው ውሃው እንዲያልፍ ብለው በ1961 ዋሻ ቆፈሩ፤ ናዳ እንደሚመጣ ያልጠበቀ ሰው ደግሞ ይህን አይቆፍርም። በትንሽ ሞዴል በጠጠር የተደረገ ሙከራም ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 700 ሜትር ከፍታ ቢደርስ አደጋ የለውም የሚል ውጤት ሰጠ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጠጠር እየተበተነ ይወርዳል፣ ቶክ ግን ጠንካራ ድንጋይ ሆኖ፣ በኖራ ድንጋዩ መካከል ባሉ ቀጫጭን የሸክላ ንብርብሮች ላይ በአንድ ጊዜ ተንሸራተተ። ሴፕቴምበር 1963 ላይ ውሃው 710 ሜትር ደርሶ ነበር። ወደ 700 ዝቅ እያደረጉ ሳለ ተራራው በመጨረሻዎቹ ቀናት በቀን 20 ሳንቲሜትር ያህል ይንቀሳቀስ ጀመር። በወደቀበት ሰዓት ውሃው «አደጋ የለውም» በተባለው ከፍታ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

«ከግድቡ ጀርባ ሐይቅ ይታያል»

የሚታየው ኮረብታ ነው፤ ናዳው ራሱ፣ ዛፍ በቅሎበት። የተረፈው ትንሽ ሐይቅ ከዚያ በስተምሥራቅ፣ ወደ ኤርቶ በኩል ነው።

«ቫዮንት የምትባለው ከተማ አደጋው የደረሰባት ናት»

ካርታ የሚያዩ ሰዎች ሁሌ የሚሳሳቱበት ነው። የቫዮንት ማዘጋጃ ቤት ያለው ሜዳው ላይ፣ ማኒያጎ አጠገብ ነው፤ ከተራራው ለተፈናቀሉ ሰዎች ተሠርቶ በ1971 ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ሆነ። ስፋቱ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሌሎች ደግሞ ፖንቴ ኔሌ አልፒ ወደሚባል ቦታ ሄዱ። ቀሪዎቹ ወደ ኤርቶ እንዳይመለሱ የተጣለውን እገዳ ጥሰው ተመለሱ፤ ከአሮጌው መንደር በላይም አዲሱ ኤርቶ ተሠራ። አንድ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ተመታ፣ ከዚያ ለዓመታት ለሦስት ተከፈለ።

«ሁለቱ መንደሮች አንድ ናቸው፤ ከዓለምም ተነጥለው የኖሩ ናቸው»

የኤርቶ አነጋገር በሰሜን ጣሊያን ተራሮች ለሚነገረው ላዲን ቋንቋ ይቀርባል፤ የካሶ ደግሞ የአጎራባቿ የቤሉኖ ከተማ ሰዎች ለሚናገሩት ቬኔቶ ቋንቋ። መነጠልም አልነበረም። የአካባቢው ሴቶች የእንጨት ማንኪያና ሌላ የቤት ዕቃ በጀርባ ቅርጫት አዝለው በሰሜን ጣሊያን እየዞሩ ይሸጡ ነበር።

«ማንም አልተጠየቀም»

ተጠይቀዋል፤ ያንሳል ከተባለ ግን ያስማማል። ችሎቱ ለአደጋው ቦታ ከምትቀርበው ከቤሉኖ ርቆ፣ ላኩይላ ከተማ ላይ በ1968 ተጀመረ። ማርች 1971 ላይ ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ወንጀሉ በይርጋ ሊታገድ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ የግድቡን ሥራ ይመራ የነበረውን ኢንጂነር አልቤሪኮ ቢያዴኔን በአምስት ዓመት እስራት ቀጣ፤ ሦስቱ በምሕረት ተነሱለት። የጉዳት ካሳው ክርክር ግን እስከ 2000 ዘለቀ፤ በመጨረሻም መንግሥት፣ ግድቡን ከሳዴ የተረከበው የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤኔልና የሳዴ ወራሽ ኩባንያ ሞንቴዲሰን ወጪውን ለሦስት ተካፈሉ።